ከኋላ የሚመጣ ማዕበል

ባሌ ዋና አይችልም ነበር። ጉለሌ ተወልዶ ጉለሌ ያደገ ሰው ዋና ከየት ይማራል? በልጅነቱ ክረምት ሲገባ እናቱ ወንዝ ዳር እንዳይደርስ በአርጩሜ ያባርሩት ነበር። ካደገ በኋላ ሥራው ሚኒባስ መንዳት ሆነ፤ ከዊንጌት አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ዊንጌት። ውኃ ማለት ለሱ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው። እንዲህ ላለው ሰው ትንሽ ፈጣን ጀልባ በማዕበል ላይ እንዴት እንደምትነዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትም ባሕር ዳር አይደለም፤ እዚሁ ዳገት ላይ ነው።

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። እኛ አገር ሐይቁን ሐይቅ የሚለው እንግዳ ነው፤ ለኛ ባሕር ነው። አባቴ መጀመሪያ የደንገል ታንኳ ይቀዝፍ ነበር። በኋላ የአንድ ሆቴል ጀልባ ሰጡት፤ ነጭ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ ፈጣን ጀልባ። እንግዶች ወደ ገዳማቱ ሲያደርስ እኔ ኋላ ተቀምጬ የገባውን ውኃ በጣሳ እጨልፋለሁ። አባቴ ሲነዳ አፉ አያርፍም። የሚያወራው ግን ከሰው ጋር አይደለም፣ ከጀልባዋ ጋር ነው። «በትከሻሽ፣ በትከሻሽ ተቀበይው! በግንባርሽ ማን አለሽ?» ይላታል። እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔ ግን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት።

በትዳር ወደዚህ መጣሁ። አገሬ ሩቅ እንደሆነ መጀመሪያ አልታወቀኝም ነበር፤ አውቶቡስ እስካለ ድረስ ምን ሩቅ አለ? አሁን መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ አባቴ ሲያርፍ ሳልደርስ ቀረሁ። ለቅሶውን ጉለሌ ተቀመጥኩ፤ አባቴን በዓይኑ አይቶት በማያውቅ ሰው መካከል። ልጅ አልሰጠንም። የነበረኝ እሱ ነው፤ ባሌ።

የሚነዳት ሚኒባስ የሱ አልነበረችም። ባለቤቷ አንድ ቀን ሸጣትና ባሌ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እግሩ ይሠራል። መንገድ ላይ ሚኒባስ ሲያልፍ በድምፁ ብቻ «ይቺ ፍሪሲዮኗ አልቋል» ይላል። ብዙ ሳምንት እንዲህ ሰነበተ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ፊቱ በርቶ ገባ።

«ሥራ አገኘሁ።»

«እሰይ! የት?»

«ውኃ ላይ።»

ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ዳር ሎጅ የከፈተ ሰው፣ እንግዶቹን የሚያዝናናበት ትንሽ ፈጣን ጀልባ አስመጥቶ ሹፌር ይፈልጋል። ሰውዬው ያለው ይህን ብቻ ነው አሉ፤ መንጃ ፈቃዱ የቆየ፣ የማይጠጣ፣ ሰው አክባሪ ይሁን። ሹፌር ሹፌር ነው፤ መሪ እስካለ ድረስ ምን ልዩነት አለው?

«አንተ፣ ዋና አትችልም'ኮ» አልኩት።

«እኔ ልዋኝ ነው እንዴ የተቀጠርኩት? ልነዳ ነው።»

ታክሲ ተራው ላይ ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ከሁሉም በቀልድ የሚብሰው የቅርብ ወዳጁ ነበር፤ እዚያው መስመር የሚነዳ፣ ጴንጤ፣ አፉ የማይዘጋ፣ ልቡ ግን ደግ። ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ «ካፒቴን! ጎማው ሐይቁ መሐል ሲፈነዳ ጎሚስታ የት ልታገኝ ነው?» አለው።

«አንተ መጀመሪያ ፍሬንህን አሠራ» አለው ባሌ።

«የኔ ተሳፋሪ ወራጅ አለ ሲል ወደ ጎን ነው የሚወርደው። ያንተ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እኔ አማተብኩ።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «አባ፣ ባሌ ባሕር ላይ ሊሠራ ነው።» «ዋና ይችላል ልጄ?» «አይችልም።» መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «እንግዲህ የምታውቂውን አስተምሪው፤ የማታውቂውን ለእግዚአብሔር ስጪው» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያንን ወዳጁን ሚኒባሱን ለመንነው። እሱ ከቸርቹ ቀድሞ ወጥቶ ነበርና ራሱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ «ትምህርቱን ልስማ» ብሎ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣውን ዳገት ያዝን። ባሌ መሪው ላይ፣ እኔ ጋቢና፣ ነጠላዬን አጣፍቼ።

«ይሄ ዳገት ቆሞ ይጠብቅሃል» አልኩት። «ባሕር ላይ ግን ዳገቱ ራሱ ነው ወደ አንተ የሚመጣው።»

«እሺ፣ ቆሜ ላሳልፈዋ።»

«ከቆምክ ዞረህ ጎንህን ትሰጠዋለህ። ጎንህን ካገኘ ይገለብጥሃል። ቀንስ እንጂ አትቁም። ትንሽ ጀልባ ቀላል ናት፤ እንደ መርከብ ውኃውን አትሰነጥቀውም፣ ትዘልለዋለች። በፍጥነት ጫፉ ላይ ከወጣህ አየር ላይ ትቀራለህ። ከዚያ ስትወድቅ ሆዷ ሲሚንቶ ላይ ያረፈ ያህል ነው፤ የእንግዶቹ ወገብ ይቀነጠሳል። ቀንሰህ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርገህ፣ ትንሽ ሰያፍ ብለህ በትከሻዋ ውጣው። ከጫፉ ስታልፍ እንደገና ነዳጅ ስጣት።»

«ከጎን ከመጣስ?»

«እየተጣመምክ ሂድ፣ እንደዚህ ሰፈር መንገድ። አንዴ ፊትህን ስጠው፣ አንዴ ኋላህን። ቀጥ ያለ መንገድ ፈልገህ አትሙት።»

«ከኋላ ከመጣስ?»

አባቴ የሚፈራው ያንን ብቻ ነበር። «ሰው የሚበላው እሱ ነው» አልኩት። «ምክንያቱም ደስ ይላል። ነፋሱ ይገፋሃል፣ ወደ ቤት እየተመለስክ ነው፣ እንግዶቹ ይዘፍናሉ። የጀልባዋ ኋላ ግን ሞተሩ ስላለበት ዝቅ ያለ ነው። ከፊትህ ያለው ማዕበል ጀርባ ላይ ተቀመጥና አብረኸው ሂድ። አትለፈው፤ ካለፍከው አፍንጫህ ቀጥሎ ባለው ውስጥ ይቀበራል። ከኋላህ ያለውም እንዲደርስብህ አትተወው። ብትፈራ፣ ብትደነግጥ፣ እናትህን ብታይ እንኳ ነዳጁን አትልቀቅ። ከለቀቅክ ኋላዋ ቁጭ ይላል፣ ውኃውም እላይህ ላይ ይመጣል።»

«ቀላል ነው» አለ።

ዞረን ቁልቁለቱን ያዝን። መሐል ላይ ስንደርስ ድንገት «ከኋላህ መጣ!» ብዬ ጮህኩ። እግሩ ከነዳጁ ላይ ተነሳና ፍሬኑን ረገጠ። ወዳጁ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተወረወረ።

«ለቀቅክ!» አልኩት።

«ሴትዮ፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስጥ ነው የምትይኝ? ከታች'ኮ ገበያ ነው!»

ደጋግመን ሞከርን። ጆሮው ይሰማል፣ አንደበቱ «አልለቅም» ይላል፣ እግሩ ግን ይለቃል። እኔም ምን ልፍረድበት? ያ እግር በእነዚህ ቁልቁለቶች ላይ ስንት ዓመት ሙሉ የስንት እናት ልጅ አትርፏል። ጉለሌ ውስጥ ጥሩ ሹፌር ማለት ሳያስብ የሚለቅ ነው።

ሄደ። ማታ ማታ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ዓሣው፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ሙቀቱ ያወራል። ከዚያ ስለ ውኃው ማውራት ጀመረ፤ ጠዋት እንደ መስታወት እንደሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ማዕበሉን «በትከሻ» እንዴት እንደ ወጣው። የአባቴን ቃል ከጉለሌ ልጅ አፍ ስሰማ እንባዬ ይመጣ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት፣ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ተነስቶ ባሕር ዛፉን ማወዛወዝ ሲጀምር፣ የያዝኩት ሥራ ከእጄ ይወድቃል። ሐይቁ ሌላ፣ ነፋሱ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ምን ያደርጋል?

ጾሙ ሲፈታ ልጠይቀው ወረድኩ። በማግስቱ እንግዳ አልነበረምና በጀልባዋ ወሰደኝ። ከአባቴ ጀልባ ጋር እህትማማች ናት፤ ስቀመጥባት ጉልበቴ ራሱ አወቃት። በጠዋቱ ጸጥታ ወዲያኛው ዳር ተሻገርን። እዚያ ከጥላ ሥር ቆይተን ስንመለስ ነፋሱ ደረሰብን።

መጀመሪያ ከፊት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁበት። ይቀንሳል፣ ሰያፍ ይላል፣ ይወጣል፣ ከጫፉ ሲያልፍ ይሰጣል። ጀልባዋ ትንገጫገጫለች እንጂ አትደነግጥም። ዞሮ «እንዴት ነኝ እመቤት?» አለኝ። «ፊትህን ወደ ፊት!» አልኩት፤ ሳቀ። ከዚያ ወደ ውኃው የገባውን የመሬት አፍንጫ ዞርንና ነፋሱ ወደ ኋላችን ሆነ። ወዲያው ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ማዕበሉ እንደሚታዘል ልጅ ይዞን ይሄዳል። አባቴ እዚህ ላይ ነበር ማውራቱን የሚያቆመው።

ባሌ ትከሻውን አሻግሮ አየ። ከኋላችን አንድ ከሌሎቹ የገዘፈ ማዕበል ቀና ብሎ ይመጣ ነበር። አየውና እጁ ከነዳጁ እጀታ ላይ ተነሳ። አሁን እግሩ አይደለም፣ እጁ ነው፤ ግን ያው ነው። የጀልባዋ ኋላ እንደ ደከመች ላም ቁጭ አለ፣ ውኃውም በሞተሩ ላይ አልፎ ጉልበቴ ድረስ ገባ።

«ስጥ! ነዳጅ ስጥ!» አልኩ። የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

ሰጠ። ጀልባዋ በውኃ ከብዳ ቀስ እያለች ተነሳች፣ እኔም በእጄ፣ በነጠላዬ፣ በጫማዬ እየጨለፍኩ ዳር ደረስን።

አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እጁን ገልብጦ አየው። «የለቀቀው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ።

«ተው ይቅርብህ። በማርያም ይዤሃለሁ፣ አብረን እንሂድ።»

«ሄጄስ? ሶፋው ላይ ልቀመጥ? እዚያ ሰው ወራጅ አለ ብሎ ነው የሚጮህብኝ። እዚህ ካፒቴን ይለኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ባሕርሽን ጥለሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። እኔ ደግሞ አሁን ነው አንቺ የምታወሪው ምን እንደሆነ የገባኝ» አለኝ።

ብቻዬን ተመለስኩ።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ጠዋት ገና ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ የነፍስ አባቴ፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶች፣ ከሁሉም ኋላ ያ ወዳጁ። እኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል።

«ባልሽን ትንሽ አሞት ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ እንደ ወጉ።

«ነፋሱ ከየት ነበር?» አልኳቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ተቀመጪ ልጄ።»

«ከፊት ነበር ወይስ ከኋላ?»

«ወይኔ፣ አእምሮዋን ሳተች» አለች አንዷ ጎረቤቴ፤ ክንዴን ያዘችኝ። አባም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ጀመሩ። እኔ ግን መልሱን ሳልሰማ ማልቀስ አልቻልኩም። አንዱ እንኳ የምጠይቀው ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትምህርቱን የሰማው፣ ከሎጁም የተደወለለት ሰው ብቻ ራሱን ደፍቶ፣ «ከኋላ ነበር እህቴ» አለኝ።

ያን ጊዜ ወደቅኩ።

አስከሬኑ መጥቶ እዚሁ ደብራችን ተቀበረ። ለቅሶ ላይ የሎጁ አትክልተኛ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ከሐይቁ ድረስ መጥተው ነበር። ዳር ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ልጠይቃቸው ፈርቼ ስተው ራሳቸው ነገሩኝ። ሁለት እንግዶች ይዞ ይመለስ ነበር። ትልቁ ማዕበል ሲመጣ የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ አሉ። ከዚያ ኋላዋ ሰጠመ፣ ቀጥሎ የመጣው ገለበጣት። ሁለቱ እንግዶች የተገለበጠውን ሆዷን ይዘው ተንሳፍፈው ቆዩ፤ ጀልባ ተልኮ ወጡ።

«እሱስ ተንሳፋፊውን ጃኬት አልለበሰም ነበር?» አልኳቸው።

«ለብሶ ነበር።» አቀረቀሩ። «ለብሶስ ነበር ልጄ። ግን ጣል አድርጎት ነው፤ አያስረውም። የእንግዶቹን ቁልፍ ራሱ እየጎተተ ያስራል፣ ሕፃን ካለ ደግሞ ሁለቴ ያየዋል። የራሱን ግን… ስንነግረው፣ እኔ ሹፌር ነኝ'ኮ ይለናል። ውኃ ውስጥ ሲገባ በአናቱ በኩል ሾልኮ ወጣ። ጃኬቱ ብቻውን ሲንሳፈፍ ነበር።»

የዚህን ከተማ ታክሲ ሹፌር የሚያውቅ ሰው ይህንን ይረዳል። ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዲያየው። ቁልፉ ውስጥ አይከተውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ሲወጣ ማን ያስራል? እኔ ስለ ማዕበሉ ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። የፈራሁት ያንን እጁን ነበር፣ እሱም እንደ ፈራሁት ለቀቀ። ከለቀቀ በኋላ ግን ገና መዳን ነበረ። አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ የምትጮህ፣ ቀጭ የምትል። ይህንን ለማሰብ ስቀመጥ ጸሎቱ ከአፌ ይጠፋል። መጽሐፌን ከፍቼ ፊደሉን አያለሁ፣ ቃሉ ግን አይመጣም። ቅዳሴ እቆማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ጾሙን እጾማለሁ። ሁሉንም እንደሚገባ አደርጋለሁ። ውስጤ ባዶ እንደሆነ ለአባ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ባዶም ሆነሽ ነይ» አሉኝ። እሄዳለሁ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ያ ወዳጁ መጣ። ብቻውን ነው፤ ቀልድ የለም። በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ቆየ፣ ከዚያ ተቀምጦ መሬት መሬት አየ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን ሆነህ?»

«ጀልባዋን አሠርተዋታል። ሹፌር ጠየቁ። እኔን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። «አትሂድ» አልኩት። «አይተሃል። አንተ ራስህ ነህ ቆመህ የነገርከኝ።»

«ሦስት ልጆች አሉኝ። መኪናዋን ደግሞ ባለቤቷ ሊሸጣት ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ለሱ ያስተማርሽውን አስተምሪኝ» አለ።

«ለሱ ያስተማርኩትን ሁሉ ተምሮ ነው የሞተው።»

«አውቃለሁ።»

አልሄደም። ጨለም እስኪል ተቀመጠ። በመጨረሻ ነገርኩት፤ ስለ ትከሻው፣ ስለ ጎኑ፣ ስለ ኋላው፣ ስለ ጃኬቱ። ለባሌ በነገርኩበት ቃል ነገርኩት። ከአፌ ሲወጡ ክብደት አልነበራቸውም፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል፣ «እሺ» ይላል፣ ልክ ባሌ እንደሚለው «ቀላል ነው» አይልም እንጂ። እውነት ለመናገር አንዱንም አያደርገውም ብዬ ነው የነገርኩት። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው የተማረውን አይደለም፣ የኖረበትን ነው።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ፣ «ለጸሎት የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣኝ፤ የሚሄድን ሰው ሌላ ምን እለዋለሁ?

ትንሽ ፈገግ አለ። «እኛ ዘንድ እሱ የለም እህቴ። ያው የምትጠሪኝ ነው ስሜ።»

«እሱ ለጸሎት አይሆንም።»

«እንግዲያው ያ ሰውዬ በይኝ» አለና ዳገቱን ወረደ።

አሁን ሐይቁ ላይ ነው። በየቀኑ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ አስበዋለሁ። በጸሎቴ ላይ «ያ ሰው» እላለሁ፤ ስም የሌለው ጸሎት የት እንደሚደርስ አላውቅም። አባን ጠየቅኳቸው። «እግዚአብሔር ያውቀዋል ልጄ» አሉኝ።

ባሌንም ያውቀው ነበር፤ ከነክርስትና ስሙ።